ማርሹ ጠዋት ጠዋት እምቢ ሲል፦ የኮርስ ብስክሌት ማርሽ መቀየሪያን መርምሮ ማደስ

ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ የጠዋት ብርዷ ብርቱ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳው ላይ ውርጭ አርፎ የሚታይባቸው ቀኖች አሉ። የብስክሌቴ የቀኝ ማርሽ መቀየሪያ መታመሙን ያስታወቀኝም ይኸው ብርድ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ በጎጃም መንገድ ወደ ጫንጮ አቅጣጫ ስወጣ፣ ትልቁን ማንሻ ወደ ውስጥ ብገፋው ምንም ነገር ሳይዝ ባዶውን ሄዶ ይመለሳል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ግን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ማርሽ ይቀይራል። ያሳየሁት ልጅ ማንሻውን ሁለት ሦስት ጊዜ ወዘወዘና «ጋሼ፣ ይሄ ሞቷል፤ ሌላ ይፈልጉ» አለኝ። ለአዲስ መቀየሪያ ገንዘብ ማጠራቀም ከጀመርኩ በኋላ ነው ዕቃው እንዳልሞተ፣ ውስጡ ያለው ግሪስ ብቻ እንደ ማስቲሽ እንደደረቀ የተረዳሁት።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ዘንድ የሚገኙት የኮርስ ብስክሌቶች ብዙዎቹ ከውጭ አገር ያገለገሉ ሆነው የሚመጡ ናቸው፤ ከመምጣታቸው በፊት በየመጋዘኑና በየምድር ቤቱ ለዓመታት ቆመው የከረሙም ሞልተዋል። በእንዲህ ያለ ብስክሌት ላይ ማርሽ አልገባ ሲል መቀየሪያው ተሰብሮ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የደረቀ ግሪስ፣ የተበጣጠሰ ሽቦ ወይም የተጣመመ የካምቢዮ (ሰንሰለቱን ከማርሽ ወደ ማርሽ የሚያሻግረው ዕቃ) ማንጠልጠያ ነው። ሦስቱንም በእርጋታ ለሚሠራ ሰው ቤት ውስጥ ማስተካከል ይቻላል። ከዚህ በታች የምገልጸው በዋናነት በሽቦ የሚሠራውን፣ ሺማኖ የተባለውን የጃፓን ኩባንያ መቀየሪያ ነው፤ በባትሪ የሚሠሩት መቀየሪያዎች ጉዳይ ሌላ ነው፤ የዘይት ፍሬን ባላቸው መቀየሪያዎች ላይ ደግሞ እዚህ የተጻፈውን እጥበት አልመክርም።

መቀየሪያው ውስጥ ያለው ነገር

ሺማኖ የፍሬን ማንሻንና የማርሽ መቀየሪያን አንድ ላይ አጣምሮ ለኮርስ ብስክሌት ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ከዚያ በፊት መቀየሪያዎቹ በአብዛኛው በፍሬሙ ታችኛው ቱቦ ላይ የሚገኙ ሁለት ትንንሽ ማንሻዎች ነበሩ። ገረመው ደንቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በተወዳደረበት ዘመን የነበሩት ማንሻዎች ቀጭ የሚሉ እንኳ አልነበሩም፤ ጋላቢው ማርሹ የገባበትን ቦታ በእጁና በጆሮው ይፈልግ ነበር። የዛሬው መቀየሪያ ግን ይህን ፍለጋ ለአንዲት ጥርስ ላላት መንኮራኩርና በሷ ላይ ለሚነክሱ ጥቃቅን የብረት ጥፍሮች ሰጥቶታል። ማንሻውን ስንገፋ ጥፍሩ በቀጭን ምንጭ ተገፍቶ ጥርሱ ላይ ይነክስና መንኮራኩሯን አንድ እርምጃ ያዞራታል፤ እሷም ሽቦውን ትጠቀልላለች። በአሥር ማርሽ መቀየሪያ አንዱ እርምጃ ሽቦውን የሚስበው ከ2 ሚሊ ሜትር ብዙም ለማይበልጥ ርቀት ነው። ግሪሱ ሲደርቅ ምንጩ ጥፍሩን የመግፋት ጉልበት ያጣል፤ ጥፍሩ ተኝቶ ይቀራል፤ ማንሻውም ባዶውን ይሄዳል። ብርድ ግሪሱን ይበልጥ ስለሚያጠጥረው ሕመሙ የሚብሰው ጠዋት ነው። እንግዲህ «ጠዋት እምቢ ይላል፣ ቀን ይሠራል» የሚል ምልክት ካለ ጥርጣሬው በቀጥታ ግሪሱ ላይ ሊወድቅ ይገባል።

በኮርስ ብስክሌት ላይ የቀኙ መቀየሪያ የኋላውን፣ የግራው የፊተኛውን ካምቢዮ ያዛል። በሺማኖ ትልቁ ማንሻ፣ ማለትም ራሱ የፍሬን ማንሻው፣ ወደ ውስጥ ሲገፋ ሰንሰለቱን ወደ ትልቁ የኋላ ማርሽ ያወጣዋል፤ ከጀርባው ያለችው ትንሿ ማንሻ ሽቦውን እየለቀቀች ወደ ትንሹ ታወርደዋለች። ሽቦ ሲላላ ሰንሰለቱ የሚወርደው ወደ ትንሹ ማርሽ መሆኑን ማስታወስ ለሚቀጥለው ሥራ ሁሉ ይጠቅማል።

ከመፍታት በፊት መመርመር

ብስክሌቱን ከኮርቻው ሥር በገመድ አስረው ከበረንዳ ምሰሶ ወይም ከጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ ያንጠልጥሉት፤ ዋናው ነገር የኋላው ጎማ ከመሬት ተነሥቶ በነፃ መዞሩ ነው። ገልብጦ በመሪውና በኮርቻው ማቆም ቀላል ቢመስልም መቀየሪያዎቹን መሬት ላይ ስለሚያስተኛቸው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሰንሰለቱን ወደ ትንሹ ማርሽ ያውርዱ። ሽቦው በፍሬሙ ላይ ተገልጦ የሚያልፍ ከሆነ በአንድ እጅዎ ፔዳሉን እያዞሩ በሌላው ሽቦውን ከፍሬሙ ወደ ውጭ እንደ ክራር ክር ይሳቡት። ካምቢዮው ጤነኛ ከሆነ ሰንሰለቱ ማርሾቹን ይወጣል፤ ሲለቁትም ሳያመነታ ይወርዳል። ወጥቶ ለመውረድ የሚለግም ከሆነ ችግሩ ሽቦው በሚያልፍበት ልባስ ውስጥ ወይም በካምቢዮው መገጣጠሚያዎች ላይ ነው፤ መቀየሪያውን መንካት አያስፈልግም። ክረምት ላይ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመኝ ይህ ነው፤ ከኋላው ካምቢዮ አጠገብ ባለችው የመጨረሻዋ አጭር ልባስ ውስጥ የመንገዱ ጭቃ ይገባና በበጋው እንደ ሲሚንቶ ይደርቃል።

ቀጥሎ ብስክሌቱን ከኋላ ተንበርክከው ይመልከቱት። የካምቢዮው ሁለት ትንንሽ መዘውሮች ከማርሾቹ ጋር ትይዩ ሆነው፣ አንዱ ከሌላው በታች ቀጥ ብለው መታየት አለባቸው። የታችኛው ወደ ጎማው ያዘነበለ ከሆነ ካምቢዮው የታሰረበት ማንጠልጠያ ተጣሟል ማለት ነው፤ ይህም በተለይ በሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ ከማዳበሪያ ጆንያና ከፍራሽ ጋር ተጭኖ በመጣ ብስክሌት ላይ የተለመደ ነው። ማንጠልጠያው ካልተቃና የትኛውም የሽቦ ማስተካከያ ሁሉንም ማርሾች አያስማማም፤ ሦስቱ ሲገቡ አራቱ ይንገጫገጫሉ።

ሁለቱ ጤነኛ ከሆኑ ወደ መቀየሪያው ይሂዱ። ሽቦውን ከካምቢዮው ላይ የያዘውን ብሎን፣ ብዙውን ጊዜ በ5 ሚሊ ሜትር አለን ኪ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) የሚፈታውን፣ ያላሉና የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ ይያዙት። አንድ ኪሎ ስኳር አንጠልጥሎ የመያዝ ያህል ወጠር አድርገው ሌላ ሰው ማንሻዎቹን ቀስ ብሎ እንዲገፋ ያድርጉና ድምፁን ይቁጠሩ። ባለ አሥር ማርሽ መቀየሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘጠኝ ጊዜ፣ ባለ አሥራ አንዱ አሥር ጊዜ ቀጭ ማለት አለበት፤ በእያንዳንዱም ሽቦው በእኩል መጠን መሳብ ወይም መለቀቅ ይኖርበታል። ሽቦው ሳይወጠር መቁጠር ያሳስታል፤ ምክንያቱም አንዳንዱ መቀየሪያ የሚጎትተው ነገር ከሌለ በቅጡ አይለቅም። ሌላም የተለመደ ስሕተት አለ፦ መቀየሪያው አስቀድሞ መጨረሻው ላይ ደርሶ ሳለ ማንሻው ባዶውን ሄደ ብሎ መደምደም። ስለዚህ በመጀመሪያ በትንሿ ማንሻ እስከ መጨረሻው ያውርዱት፤ ከዚያ ከአንድ ብለው ይቁጠሩ።

ቁጥሩ ሙሉ ከሆነ መቀየሪያው ደህና ነው፤ ሽቦና ልባስ ብቻ ይለውጡ። ማንሻው ሳይነክስ የሚሄድ ከሆነ ጥፍሩ ተኝቷል፤ ይታጠባል። ጭራሽ አልንቀሳቀስ ካለ ወይም በመሐል ተይዞ ከቀረ ደግሞ፣ ከሌላው ሁሉ በፊት የሽቦው ክሮች መቀየሪያው ውስጥ ተበጣጥሰው እንደሆነ ይጠርጥሩ።

የተበጣጠሰውን ሽቦ ማውጣት

ሽቦው መቀየሪያው ውስጥ በጠባብ ቦታ ስለሚታጠፍ ከሌላው አካሉ በፊት የሚደክመው እዚያ ነው፤ ይህ በተለይ ሽቦው ከመሪው ቴፕ ሥር በሚያልፍባቸው አዳዲሶቹ መቀየሪያዎች ላይ ይታያል። ምልክቱም የቆየው ሽቦ ከወጠርነው ሳምንት ሳይሞላው ደጋግሞ መላላቱ ነው፤ ክሮቹ አንድ በአንድ እየተቆረጡ ነውና። በዚህ ጊዜ ነገ ዛሬ ሳይሉ መለወጥ ይገባል፤ ጨርሶ ከተበጠሰ ጭንቅላቱ ውስጥ ቀርቶ ማውጣቱ የግማሽ ቀን ሥራ ይሆናል።

የላስቲክ ሽፋኑን ከኋላው ወደ ፊት ይግለጡት። መቀየሪያውን በትንሿ ማንሻ እስከ መጨረሻው ያውርዱት፤ የሽቦው ጭንቅላት ከመውጫ ቀዳዳው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኘው በዚህ ቦታ ብቻ ነው። በቀድሞዎቹ፣ ሽቦው ወደ ጎን በሚወጣባቸው መቀየሪያዎች፣ የፍሬን ማንሻውን ስበው ሲይዙ ቀዳዳው ይታያል። የተንጨፈረረውን የሽቦ ጫፍ ከካምቢዮው በኩል ቆርጠው ያስተካክሉና ሽቦውን ወደ መቀየሪያው ይግፉት፤ ጭንቅላቱ ብቅ ይላል።

ብቅ ካላለ መታገል አይገባም። አንድ ጊዜ እኔ በካቻቪቴ ለመፈልቀቅ ስሞክር የተሰበረ ክር አውራ ጣቴ ውስጥ ገብቶ ሁለት ቀን ሙሉ አላስተኛኝም፤ መቀየሪያውም ፈቀቅ አላለም። የሠራልኝ የስልክ መብራት፣ ከቅንድብ መንቀያ ወረንጦ የተሻለ ቀጭን አፍ ያላት ፒንሳና ትዕግሥት ነው። ክሮቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ ሁለት ሦስት ነቅለው ትንሿን ማንሻ ይጫኑ፣ እንደገና ይንቀሉ። በመጨረሻ የወጡትን ቁርጥራጮች ነጭ ወረቀት ላይ ደርድረው ይመልከቷቸው። አንዲት ክር እንኳ ጥርሷና ጥፍሩ መካከል ከቀረች አዲሱን ሽቦ በላዩ መክተት ሥራውን መድገም ነው።

እጥበቱ

ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ነጭ ጋዝ፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ሲሪንጅ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ጨርቅና ባዶ ጣሳ ነው። ደብሊው ዲ 40 የሚባለው በቆርቆሮ የሚሸጥ የሚረጭ ፈሳሽም ይሠራል፤ ዋጋው ከበደ እንጂ። ቤንዚን ግን አይጠቀሙ፤ ለእሳት ቅርብ ነው። ነጭ ጋዙም ቢሆን ቡና የሚፈላበት ከሰል ካለበት በረንዳ ርቆ፣ ደጅ መሠራት አለበት።

ጋዝ ላስቲክን ስለሚያሳብጥ የመቀየሪያውን ሽፋን ከቻሉ ጨርሰው ያውልቁት፤ ካልቻሉ ወደ ፊት በደንብ አጥፈው በፌስታል ይጠቅልሉት። የመሪውን ቴፕም እንዲሁ ይሸፍኑ። ብስክሌቱን አዘንብለው መቀየሪያው ከሁሉም ነገር ዝቅ እንዲል ያድርጉ፤ የሚንጠባጠበው ወደ ጎማው ቸርኬ ወይም ወደ ፍሬን ላስቲኩ ከደረሰ ብስክሌቱ ማርሽ ቢኖረውም ፍሬን አይኖረውም። የፊቱን ጎማ አስቀድሞ አውልቆ ማስቀመጥ ከሁሉ ይሻላል።

ጋዙን በሲሪንጁ ስበው መንኮራኩሯና ጥፍሮቹ ወዳሉበት፣ በማንሻዎቹ መካከል በሚታየው ክፍተት በኩል፣ በኃይል ይርጩት። ከዚያ ሁለቱንም ማንሻዎች ደጋግመው ይግፉ፤ ሠላሳ አርባ ጊዜ ቢሆን አይብዛብዎ። መጀመሪያ የሚወርደው ፈሳሽ የጠጅ ቀለም ያለው፣ ቆየት ብሎ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ይተዉትና ይድገሙት። በእኔ መቀየሪያ ላይ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዙር ምንም ለውጥ አልታየም፤ ያ ልጅ እውነቱን ነው ማለት ጀምሬ ነበር። በሦስተኛው ዙር መሐል ማንሻው አንድ ጊዜ ቀጭ አለ፤ ከዚያ አምስት ጊዜ ባዶውን ሄደና እንደገና ቀጭ አለ። በአምስተኛው ዙር ላይ የሚወርደው ጋዝ ጠርቶ፣ ዘጠኙም ድምፅ ተቆጠረ። እንግዲህ በሁለት ዙር ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ እምቢ ካለ በጋዝ አርሰው ያሳድሩት።

ከታጠበ በኋላ ውስጡ የቀረው ቆሻሻ እንዲወጣ በአቅራቢያዎ ያለ ጎሚስታ በኮምፕረሰሩ ነፋስ ራቅ አድርጎ እንዲነፋልዎ ይጠይቁ፤ ዓይንዎን ግን ይጠብቁ። ካልሆነም ሌሊቱን ተዘቅዝቆ ይደር። ጋዝ ቆሻሻውን ሲያጥብ ማለስለሻውንም ስለሚወስድ ደረቁን መተው አይቻልም፤ የስፌት መኪና ዘይት አምስት ስድስት ጠብታ አስገብተው ማንሻዎቹን ያንቀሳቅሱ፣ የተረፈውን ይጥረጉ። የሞተር ዘይትም ሆነ የመኪና ግሪስ እዚህ ቦታ የላቸውም፤ ወፍራም ቅባት በሱሉልታ ጠዋት ጥፍሩን መልሶ ያስተኛዋል።

መቀየሪያውን ብሎን በብሎን ፈታትቶ ማጠብ የሚመክሩ አሉ። እኔ አልስማማም። ውስጡ ያሉት ምንጮች ተጠምዝዘው የታጠፉ በመሆናቸው ሽፋኑ ሲነሣ ይዘላሉ፤ አንዷ ሣር ውስጥ ከገባች ለብቻዋ ገዝቶ መተካት አይቻልም።

ሽቦውንና ልባሱን መመለስ

የታጠበ መቀየሪያ ላይ አሮጌ ሽቦ መመለስ ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። ሲገዙ የማርሽ ሽቦ ብለው ይጠይቁ፤ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን የፍሬን ሽቦ ከዚያ ይወፍራል፣ ጭንቅላቱም አይገጥምም። ከሽቦው ይልቅ ሰው የሚሳሳተው በልባሱ ነው። የማርሽ ልባስ ውስጡ ያሉት ብረቶች በቁመቱ የተዘረጉ ስለሆኑ ሽቦ ሲወጠር አያጥርም፤ የፍሬን ልባስ ግን እንደ ምንጭ የተጠቀለለ ብረት ስለሆነ ይጨመቃል፤ በዚህም የተነሣ 2 ሚሊ ሜትሯ እርምጃ መንገድ ላይ ትጠፋለች። መርካቶም ሆነ ሰፈር ውስጥ ሁለቱ በአንድ ካርቶን ተቀላቅለው ሊሸጡ ይችላሉና ጫፉን አይተው ይግዙ። በተቃራኒው የማርሽ ልባስን ለፍሬን ማዋል ደግሞ አደጋ ነው፤ በኃይል ሲጨበጥ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ልባሱን በአሮጌው ልክ፣ ስለት ባለው መቁረጫ በአንድ ጊዜ ይቁረጡት። የተጨፈለቀውን የውስጥ ፕላስቲክ ቀዳዳ በመርፌ ይክፈቱት፤ ጫፉን በሞረድ ደልድለው ቆቡን ያልብሱት። ሽቦው ሲገባ በራሱ ክብደት የሚንሸራተት ያህል መቅለል አለበት።

ማስተካከል

ሰንሰለቱ ትንሹ ማርሽ ላይ፣ መቀየሪያውም መጨረሻው ላይ ይሁኑ። በካምቢዮው ላይ ካሉት ሁለት የወሰን ብሎኖች ኤች የሚል ፊደል ያለውን በማዞር የላይኛዋን መዘውር ከትንሹ ማርሽ በታች በልኩ ያቁሟት። በካምቢዮው ጀርባ በእጅ የሚዞረውን የሽቦ መወጠሪያ እስከ መጨረሻው አስገብተው አንድ ሙሉ ዙር ይመልሱት። ሽቦውን በእጅ ብቻ ስበው በብሎኑ ሥር ባለው ቦይ ውስጥ ያስቀምጡና ያጥብቁ፤ ልኩ ከ6 እስከ 7 ኒውተን ሜትር ነው፤ መለኪያ ለሌለው ሰው አጭሩን የአለን ኪ እጀታ በጣቶች ብቻ አጥብቆ መያዝ ይበቃል።

ፔዳሉን እያዞሩ አንድ ጊዜ ቀጭ ያድርጉ። ሰንሰለቱ ወደ ሁለተኛው ማርሽ ካልወጣ ወይም ካመነታ መወጠሪያውን ከኋላ ሲታይ ከሰዓት በተቃራኒ ግማሽ ዙር ያዙሩት፤ ሦስተኛውን እየነካ ካንገጫገጨ በሰዓት አቅጣጫ ይመልሱት። ከግማሽ ዙር ሲያልፉ ሩብ በሩብ ይሂዱ። ሁሉም ሲስማማ ኤል የሚለውን ብሎን ይፈትሹ፦ ሰንሰለቱ ትልቁ ማርሽ ላይ ሳለ ካምቢዮውን በእጅዎ ወደ ጎማው ቢገፉት ማለፍ የለበትም። ይህን መዝለል አይቻልም፤ ዳገት ላይ ካምቢዮው የጎማው ዘንጎች ውስጥ ከገባ ጥፋቱ በሽቦ አያበቃም።

የግራው መቀየሪያ በዚሁ ዓይነት ይታጠባል፤ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ብቻ ስላለው ማስተካከሉም ያጥራል።

ከእጥበቱም በኋላ ጥፍሩ አልነክስ ካለ ምንጩ ተሰብሯል፤ ያኔ ሌላ መፈለግ ግድ ነው። ያገለገለ ሲገዙ የማርሾቹ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሥሪቱም ከካምቢዮው ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ። ሺማኖና ስራም የተባለው ሌላው ሥሪት በአንድ እርምጃ የሚስቡት ሽቦ ይለያያል፤ የሺማኖ ባለ አሥርና ባለ አሥራ አንድ የኮርስ መቀየሪያዎችም እርስ በርሳቸው አይተካኩም። ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ፊት ሽቦ ከትተው፣ ወጥረው ይቁጠሩት።

ሽቦ መንገድ ላይ ቢበጠስ ሰንሰለቱ ትንሹ ማርሽ ላይ ወርዶ ይቀራል፤ ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ለሚመለስ ሰው ደግሞ ወደ እንጦጦ ጀርባ የሚያወጣው ዳገት ፊት ለፊቱ ነው። የተረፈው ሽቦ ረጅም ከሆነ ሰንሰለቱ መካከለኛ ማርሽ ላይ እስኪወጣ ስበው በውኃ ኮዳው መያዣ ብሎን ሥር ያጥብቁት። ካልደረሰ ኤች የሚለውን ብሎን ወደ ውስጥ በማጥበቅ ካምቢዮውን ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ማርሽ ላይ ማቆም ይቻላል። እኔ እንዲህ አድርጌ ቤቴ ገብቻለሁ፤ ጉልበት ቢጠይቅም ብስክሌት ከመግፋት ይሻላል።

አዲስ ሽቦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቦታውን ሲይዝ ትንሽ ይላላል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ መወጠሪያውን ግማሽ ዙር መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። የሽቦውን ትርፍ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል አስቀርተው ቆርጠው ጫፉን ቆብ ያልብሱት። ከዚያ ብስክሌቱን ሌሊቱን ደጅ፣ ዝናብ በማይደርስበት ጥግ ያሳድሩትና ፀሐይ ሳትወጣ፣ ብርዱ ገና ጣት ሲቆነጥጥ፣ ቀጭታዎቹን እንደገና ይቁጠሩ። አንድ እንኳ ከጎደለ ጣሳውንና ሲሪንጁን መልሰው ያውጡ።